ሲስኮ ስሟን ስትጠራ

ቅጹ ሁለት ገጽ ነው፣ ማኅተም ያለበት፣
ከላዩ «ባለፈው አንድ ወር» የሚልበት።
«ስንት ጊዜ አፍረዋል በጥርስዎ ምክንያት?
ስንቴስ ተነሥተዋል ሳይጨርሱ ራት?»
መልሱ በሳጥን ነው፦ በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣
ዘወትር። ከመስኮት ማዶ፣ በረዶውን አቅፎ፣
ካላቬሲ ሐይቁ ዝም ብሎ ተኝቷል፤
እስክሪብቶውም ሥራ ፈት ሲስኮ እጅ ላይ ቀርቷል።
የምትነክስበት ቢኖራት፣ ትነክሰው ነበር።

ስሟን ማን አወጣው፣ ያ ሁሉ ስም ሳይታጣ፣
በጥርስ መሀል ሾልኮ ካልሆነ የማይወጣ?
የመጀመሪያ ቀን፣ መምህሯ ስትጠይቅ፣
«ሺሽኮ» አለች ደፍራ። ክፍሉ ሞላ በሳቅ።
ከዚያ ወዲህ ያቺ ጥርስ ያልበቀለላት
የሰው ጥርስ ውስጥ ገባች፤
ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አላወጣት።

የእኩዮቿ ጥርስ ተነቃንቆ ሲወድቅ፣
ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከትቶ እያንዳንዱ ሲጠብቅ
ጠዋት ሳንቲም ሆኖ ሊያገኘው፣
የእሷ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ነበረው።
ስድስት የወተት ጥርስ፣ እንደ ገብስ ቅንጣት፣
ከሥር የሚገፋ ወራሽ ያልመጣበት።
«ይበቅላል፣ ታገሺ» አሉ ጎረቤቶች።
ሐኪሟ ኬርቱ ግን ራጁን ከመብራት ፊት አቆመች፦
«እዚህ አጥንት ብቻ ነው። ዘር የለም» አለች።
ያልተዘራ ማሳ ስንት ክረምት ቢጠበቅ
ምን ይታጨዳል?
እናት «ከማን መጣ?» ብላ አለቀሰች።
አባት፣ ታውኖ፣ ጢሙን እየዳሰሰ
ወለሉን ተመለከተ።

ፖሙን በቢላ ቀርድዳ፣ እንደ ሕፃን ምሳ፤
ጥቁሩን ዳቦ ሾርባ ውስጥ እስኪርስ ድረስ ረስታ፤
ሠርግ ቤት «ጠግቤያለሁ»፤
ፎቶ ላይ፣ ከንፈሯ እንደ ፖስታ ታሽጎ።
ኦይቫ አንድ ማታ ሊስማት ዝቅ ቢል
አውቶቡሱ እስኪመጣ ስለ ነፋስ አወራችው።

በምጽፍበት ቋንቋ «ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤
ልብ የጠላውን ሰው ጥርስ ይስቅለታል።
ባዳም ቢሆን፣ ቢኖር!
ለማትወደው እንኳ ልትስቅ ትመኝ ነበር።
ፍንጭትም ውበት ነው፣ አውቃለሁ፣ እኛ ዘንድ፤
ግን ፍንጭት ይሻል ሁለት ጎረቤት፣ ግራና ቀኝ፣
የሚጠብቁት እንደ በር መቃን።
«ጥርስሽን ነክሰሽ ቻዪው» የሚሉም አይጠፉም።
በየትኛው?

ባለፈው ኅዳር፣ ሆስፒታል፣ ለቱቦው ሲባል
ነርሷ የታውኖን ጢም ላጨችው።
ያኔ አየች ሲስኮ የአባቷን አፍ፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ፦
ያው ክፍተት፣ ያው ድድ፣
ያችው የገብስ ቅንጣት፣ አርጅታ።
ዕድሜውን ሁሉ «ኮስታራው» የተባለ ሰው
ሳቁን ከጢም ሥር ቀብሮ ኖሯል።
«ከእኔ ነው» አለ።
«ስሙንም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የእህቴ ነው።
እኔም ልጅ ሆኜ ‹ሺሽኮ› እያልኩ ነበር የምጣራት።
ከጥዱ ጫካ ማዶ ሆና ትሰማኝ ነበር።
ትመጣ ነበር።»

አሁን ከቅጹ ግርጌ፣ «ሌላ አስተያየት» ከሚለው ሥር
ሦስት ነጠብጣብ መስመር አለ። ጻፈች፦
«አባቴ ሲስቅ ምን እንደሚመስል
እስካለፈው ኅዳር አላየሁም ነበር።
ይህ በየትኛው ሳጥን ይገባል?»

«ስም?» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል።
እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ሊሄድ ተነሣ፤
መንገድ ላይ ኪሷ ገባ።
«ሺሽኮ» አለች፣ ረጋ ብላ።
ጸሐፊዋም እንደ ሰማችው ጻፈችው።
ሲስኮ ቆማ አየችው፤
አላረመችም።